አውጫጭኝ በአንዲት መኪና ላይ

በቀደመው ዘመን በአገራችን ገጠር ሌብነት ተፈጽሞ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሥፍራ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ እርሻው የሚወርድ፣ ወደ ቤቱ የሚመለስ አይኖርም። ይህን ሥርዓት ከሽማግሌዎች አንደበት ሰማሁት እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። ዓይኔ ያየው አውጫጭኝ ሌላ ነው። የተካሄደውም በደብረ ማርቆስ፣ በአባቴ ግቢ፣ በአንዲት አሮጌ ኮሮላ ላይ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መኪናዋ በስማቸው ትጻፍ እንጂ የእርሳቸው ብቻ አይደለችም። ባጃጅ በማይገኝበት ሌሊት ምጥ የጸናባት ሴት ዘመድ፣ ትኩሳት ያቃጠለው ሕፃን ያቀፈች እናት፣ ሁሉም የሚያንኳኳው የእርሳቸውን በር ነው። ይህቺ መኪና ታዲያ አንድ አመል አወጣች። ስትሠራ ውላ ስታድር ደኅና ናት፤ ሁለት ቀን ከቆመች ግን በሦስተኛው ንጋት ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ከጮቄ ወገን የሚመጣው የንጋት ብርድ የሞተር ዘይት ያወፍራል፤ በባትሪ ውስጥ ያለውንም የኬሚካል ሥራ ያዘገያል። ስለዚህ ግማሹ ሰው «ብርዱ ነው» አለ። ብርዱን ያልከሰሰ ደግሞ ባትሪውን ከሰሰ። አባቴም የመካሪ ቃል ሰምተው በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ ቀየሩ። መኪናዋ ግን አመሏን አልተወችም።

በአንድ የሐምሌ ሌሊት የጎረቤታችንን ሚስት ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ ራቅ ወዳለ ቀበሌ ወጥቶ ነበር። አባቴ ቁልፉን ቢያዞሩ፣ «ጠቅ»። የሰፈሩ ጎረምሶች ተጠራርተው በጭቃው ላይ ገፏት፤ ቁልቁለቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ተነሣች። እናትም ልጅም በሰላም ተገላገሉ። በማግስቱ አባቴ ቡናቸውን ሳይጨርሱ፣ «ቁልቁለቱ ባይኖርስ ኖሮ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የባትሪ ዋጋ መሆኑ ቀረ።

የመጣው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዕድሜው ከአባቴ የመጨረሻ ተማሪዎች የማይበልጥ ወጣት ነበር። «ጋሼ፣ ሦስተኛውን ከመግዛትዎ በፊት ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ እንጠይቅ» አላቸው።

መጀመሪያ የተጠየቀው ዲናሞው ነው። ሞተሩ እየሠራ በቴስተር ሲለካ 14.1 ቮልት አሳየ፤ ጤነኛ ዲናሞ የሚሰጠው ይህንኑ ያህል ነው። ሁለተኛው ባትሪው ነበር። በደንብ ሞልቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ ለብቻው አደረ። ማታ 12.6 ቮልት የነበረው ጠዋትም 12.6 ሆኖ ተገኘ። በራሱ የሚያፈስ ባትሪ እንዲህ አያድርም።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ መስመሩ ነው። ወጣቱ ቁልፉን አውጥቶ፣ በሮቹን ዘግቶ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ነቀለና ቴስተሩን በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል አስገባ። «አሁን ሞተር እንዳይነሣ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል» ብሎም አስጠነቀቀ። የተኛች መኪና ለሰዓቷና ለሬዲዮዋ ማስታወሻ የምትወስደው ኃይል ቢበዛ ከ50 ሚሊአምፔር ማለፍ የለበትም። ቴስተሩ ያነበበው ግን 0.44 አምፔር ነበር።

«ይኸውልዎ ጋሼ፣ እዚህ ቤት ሰው ሲተኛ የማይተኛ አለ።»

ቁጥሩ ሲያዩት ኢምንት ነው። ነገር ግን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። በ24 ሰዓት ከአሥር አምፔር ሰዓት በላይ ይሆናል። የኮሮላዋ ባትሪ የሚይዘው 45 ነው፤ በሁለት ቀን ግማሽ ያህሉ ይጠጣል፤ በሦስተኛው ንጋት ብርዱ ሲጨመርበት የቀረው ጉልበት ሞተሪኖውን ማዞር ያቅተዋል። የሦስተኛው ቀን ምሥጢር ይህ ነበር።

ከዚያ ባልቦላዎቹ ተራ በተራ ተነቀሉ። የክላክሱ ሲወጣ ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ወደ ቦታው ተመለሰ። የዝናብ መጥረጊያው ወጣ፤ ተመለሰ። የፍሬቻው ወጣ፤ ተመለሰ። የውስጥ መብራቱ ባልቦላ ሲነቀል ግን 0.44 የነበረው በአንድ ጊዜ 0.02 ሆነ። ወጣቱ የጣሪያውን መብራት አየ፤ ጠፍቷል። ስልኩን ቪዲዮ እያስቀዳ በኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጦ ክዳኑን ዘጋ። ስናየው፣ ከተዘጋው ክዳን ሥር ባለ 5 ዋት አምፖል ቦግ ብላ በርታለች። የጤፍ ኬሻ ሲጫንና ሲወርድ ማጥፊያዋን የሚጫነው ቀጭን ቆርቆሮ ጎብጦ ኖሮ ክዳኑ ቢዘጋም አይነካትም። በፒንሳ ተቃናና ነገሩ አለቀ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን የሁለቱ ባትሪዎች ፍርድ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ይህን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከፈለሰፈ ወዲህ ጠባዩ አልተለወጠም፤ ባዶውን ደጋግሞ ከቆየ በሰሌዳዎቹ ላይ የሚፈጠረው የእርሳስ ሰልፌት ይጠጥርና መልሶ አይሞላም። እንግዲህ መካሪዎቹ «ደክሟል» ሲሉ አልዋሹም፤ በእርግጥም ደክሞ ነበር። ያልጠየቁት ማን እንዳደከመው ነው። ሲዘረፍ የኖረው ድህነቱ እንደ ጥፋት ተቆጥሮበት ተባረረ፤ በቦታው የተተካውም ለዚያው ዘራፊ ተሰጠ። ስንቱን ሰው «ሰነፍ» ብለን ከሥራ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከቤት አስወጥተን ይሆን፣ ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚጠጣው ሳንጠይቅ?

አባቴ ሐሳባቸውን በዝምታ ነው የሚገልጡት። በዚያ ቀን ቀለም አምጥተው በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ለሰሌዳ በለመደ እጃቸው፣ ቀኑንና «0.02» የሚለውን ቁጥር ጻፉ። ከሥሩም ለሚቀጥለው ልኬት የሚሆን ባዶ ቦታ ተዉ።