ከፈረስ ጀርባ እስከ እመቤት ክንድ

በቦርሳዎቹ የሚታወቀው የፈረንሳዩ የቆዳ ሥራ ቤት፣ የኤርሜስ፣ የመጀመሪያ ደንበኛ ባለ አራት እግር ነበር። ቴሪ ኤርሜስ እ.ኤ.አ. በ1837 ፓሪስ ውስጥ፣ ማደሊን ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የከፈተው ሱቅ የሚሠራው ልጓምና የሰረገላ ፈረስ ጠፍር እንጂ ቦርሳ አልነበረም። ሰውየው በ1801 የተወለደው ዛሬ ጀርመን ውስጥ ባለችው ክሬፌልድ ነው፤ የቆዳ ሥራ የተማረው ግን ኖርማንዲ። የዚያን ዘመን የፓሪስ ባለጸጋ ሀብቱን የሚያሳየው በሰረገላው ስለነበር ፈረሱም ከጌታው ባልተናነሰ መሽቀርቀር ነበረበት። የቴሪ ሥራ በ1867ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተሸለመ።

ልጁ ሻርል ኤሚል በ1880 ሱቁን ዛሬም ወዳለበት ወደ ፎቡር ሴንት ኦኖሬ ጎዳና ቁጥር 24 አዛውሮ ኮርቻ መሥራትን ጨመረ። በ1900 ገደማ ጋላቢው ኮርቻውንና ቦት ጫማውን የሚይዝበት፣ ቁመተ ረጅም፣ በጠፍር የሚታሰር ትልቅ ቦርሳ ወጣ። ዛሬ በየክንዱ የሚንጠለጠሉት የቤቱ ቦርሳዎች አያት ይኼው ነው። የዘር ሐረጋቸው የፈረስ ጋጣ ይደርሳል ቢባል ሐሜት አይሆንም።

ከዚያ መኪና መጣ። የቴሪ የልጅ ልጅ ኤሚል ሞሪስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሰሜን አሜሪካ ሳለ፣ በመኪና ሸራ ጣሪያ ላይ የተሰፋ ዚፕ አየ። ፈረንሳይ ውስጥ ብቻውን የሚጠቀምበትን መብት ይዞ ተመለሰ፤ ፈረንሳዮችም ዚፕን ለተወሰነ ጊዜ የኤርሜስ መዝጊያ ይሉት ነበር። ሌላው ኮርቻ ሰፊ መኪናን ሲረግም፣ እሱ ከመኪናው የሚጠቅመውን ወስዶ ቦርሳና ጃኬት ላይ ሰፋው።

ሙያው ግን ከፈረስ ቤት አልወጣም። ሠራተኛው ቆዳውን በእንጨት መቆንጠጫ ይይዝና መቆንጠጫውን በጭኖቹ መሃል ያጠብቀዋል። በወስፌ ይበሳል። ሰም የተቀባው የተልባ ክር በሁለቱም ጫፍ መርፌ አለው፤ ሁለቱ መርፌዎች በአንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። የስፌት መኪና የሚሰፋው ክር መሃል ላይ ተጠላልፎ ስለሚያያዝ አንዱ ሲበጠስ መተርተር ይጀምራል፤ በኮርቻ ስፌት ግን አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። ይህ ለጌጥ የተፈለሰፈ አይደለም። በግልቢያ መሃል የእርካቡ ጠፍር የተበጠሰበት ደንበኛ ቅሬታ ለማቅረብ ላይተርፍ ይችላል። ቦርሳውንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሰው ይሰፋዋል፤ ኬሊ የሚባለው ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይፈጃል። ስልክና የከንፈር ቀለም ለመያዝ የጋላቢ ክብደት የሚችል ስፌት መሰፋቱ፣ ለሚያስብበት ሰው፣ ትንሽ ያስቃል።

ኬሊ በ1930ዎቹ ሲወጣ ይህ ስም አልነበረውም። የሞናኮ ልዕልት የሆነችው ተዋናይት ግሬስ ኬሊ በ1956 እርግዝናዋን ከፎቶ አንሺዎች የሸፈነችበት በመሆኑ ታወቀ፤ ቤቱ ስሟን በይፋ ያወጣለት በ1977 ነው። በርኪን የሚባለው ቦርሳ ደግሞ በ1984 የወጣ ነው። ዘፋኟና ተዋናይቷ ጄን በርኪን አውሮፕላን ውስጥ ዕቃዋ ተዝረክርኮባት፣ አጠገቧ ለተቀመጠው የቤቱ ኃላፊ ዣን ሉዊ ዱማ ለእናት የሚሆን ቦርሳ እንደጠፋ ነገረችው፤ ንድፉም እዚያው በማስመለሻ ከረጢት ላይ ተሣለ ይባላል።

ለእሷ የተሠራው የመጀመሪያው በርኪን ውስጡ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የጥፍር መቁረጫ አለው። በ1994 ለኤድስ በጎ አድራጎት ሰጠችው። በሐምሌ 2025 ሶዝቢስ ፓሪስ ላይ ባካሄደው ጨረታ ቦርሳው፣ ከነጥፍር መቁረጫው፣ በ8.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። የቤቱ ኮርቻ ሰፊዎች ዛሬም ከቁጥር 24 ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ ይሠራሉ፤ ያ ሁሉ ጥንካሬ በእርግጥ የሚያስፈልገውም እነሱ ለሚሰፉት ኮርቻ ነው።