ከሐይቅ እስከ ውጫሌ

ከደሴ ከተማ ተነሥተን ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዝን ሐይቅ ደረስን። ውሃው ከከተማዋ አጠገብ ይታያል። የእስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው። ገዳሙ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙ መጻሕፍት ተጽፈውበታል። እኛ ግን ዛሬ የመጣነው ስለ ሥራ ለመነጋገር ነው።

ከሐይቅ ወጥተን ዳገቱን ስንወጣ ቁልቁለቱን ስንወርድ ወደ ውጫሌ አቀናን። በግራ በኩል የአምባሰል ተራራ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አምባሰል የሚባለው የዜማ ቅኝት ስሙን ያገኘው ከዚህ አገር ነው። በየዳገቱ የጤፍና የማሽላ ማሳ አለ። ማሳው ጠባብ ነው። አባት ለልጆቹ ሲያካፍለው ደግሞ ይብሱን ይጠባል። ስለዚህ ወጣቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ፣ ሲብስም ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል።

በውጫሌ አካባቢ የድንጋይ ከሰል መኖሩን የመሬት ጥናት ባለሙያዎች ካወቁት ቆይቷል። የድንጋይ ከሰል ምንድን ነው? ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የነበሩ ዕፅዋት ረግረግ ውስጥ ወደቁ። አፈርና ድንጋይ ተጫናቸው። ጠቆሩ፤ ጠነከሩም። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ይህን ከሰል ለምድጃቸው ይፈልጉታል። አገራችን ለብዙ ዓመታት ከውጭ በዶላር ስትገዛው ኖራለች።

ታዲያ ከሰሉ ይውጣ ሲባል የአገሩ ሰው ምን ይላል? «ሥራውን ማን ያገኛል? የኛ ልጆች ናቸው ወይስ ከሌላ የሚመጣ?» ይላል። ይኼ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678፣ ባለፈቃዱ ችሎታ ላላቸው ኢትዮጵያውያን በቅጥር ቅድሚያ እንዲሰጥ አዟል። ነገር ግን ልብ በሉ። ኢትዮጵያዊ ማለት የአምባሰል ሰው ብቻ ማለት አይደለም። «ችሎታ» የሚለው ቃልም እንደ በር ነው፤ ለአንዱ ይከፈታል፣ ለሌላው ይዘጋል። ቆፋሪ መኪና የሚነዳና ሞተር የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። ሥልጠናው ሥራው ከመከፈቱ በፊት ካልተጀመረ ለአገሩ ልጅ የሚተርፈው ጥበቃና ሸክም ነው። ደግሞም መንገዱና ካምፑ ሲሠራ ብዙ ሰው ይቀጠራል፤ ግንባታው ሲያልቅ ይበተናል። እንግዲህ «ስንት ሰው? ለስንት ወር?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በደላንታ፣ ነገሩ ሌላ ነው። በ2000 ዓ.ም. ወገል ጤና አጠገብ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ተገኘ። ቆፋሪዎቹ የአገሩ ገበሬዎችና ወጣቶች ናቸው። ማኅበር አቋቁመው በገደሉ ወገብ ላይ በዶማና በመዶሻ ይፈለፍላሉ። ቀጣሪ ኩባንያ ሳይመጣ ሥራው ለብዙ ሰው ደረሰ። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ዋሻው ተንዶባቸው የቀሩ አሉ። ድንጋዩም ብዙ ጊዜ ሳይሞረድ ወደ ህንድ ይሄዳል። የመሞረዱ ሥራና ትርፍም እዚያው ይቀራል። እኛ ብንጠየቅ፣ ደሴ ላይ አንድ የመሞረጃ ቤት ከመቶ ዘበኛ ይሻላል እንላለን።

ውጫሌ ስንደርስ የውሉ ነገር ትዝ አለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት የተዋዋሉት እዚህ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በአማርኛው፣ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ጉዳይ ሲኖራቸው ከፈለጉ በኢጣልያ በኩል መላላክ ይችላሉ። በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። ጠቡ እስከ አድዋ ሄደ።

የሥራ ውልም ውል ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንዲህ ይላል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናውን ነገር ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው ይሰጣል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅም ማዕድን ጉድጓድ አይገባም።

ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ የሥራውን ዓይነት፣ የሥራውን ቦታ፣ ደመወዙንና ውሉ የሚቆይበትን ጊዜ ፈልጉ። ከአራቱ አንዱ ባዶ ከሆነ፣ ሳትፈርሙ ጠይቁ። ጸሐፊው ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።

ወደ መርሳ የሚሄደው መኪና መጣ። ተሳፈርን።