ደካማ ጎን

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖሮ ያጠናውን ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተሰኘውን መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አሳተመ። ሰምና ወርቅ አነጋገር ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ፣ ይላል ሌቪን፣ ባለሥልጣንን መንቀፊያ መሆኑ ነው። መቼም ይህን ይዘው «ፊት ለፊት መተራረም እኮ በባሕላችን የለም» የሚሉ ሞልተዋል። እኔ አይዋጥልኝም።

በ2009 ዓ.ም.፣ «ጥልቅ ተሃድሶ» በተባለው ሰሞን፣ እዚያው መንዝ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ግምገማ ተቀምጬ ነበር። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ደርግም «ሂስና ግለ ሂስ» ይል ነበር፤ ሕወሓት በትጥቅ ትግሉ ዘመን ያዳበረው ግምገማ ደግሞ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቢሮ ገባ። ሁሉም በየተራ እየተነሣ ጠንካራና ደካማ ጎኑን ይናገራል። «ደካማ ጎኔ ሥራ ስለማበዛ ጤናዬን አለመጠበቄ ነው» ያሉ ሦስት ሰዎች ቆጠርሁ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ሳይስቅ ጻፈው።

አንድ ወጣት ባለሙያ ግን «ሪፖርታችን ላይ የሰፈረውን ያህል እርከን መሬት ላይ የለም» አለ። የማንንም ስም አልጠራም። ሰብሳቢው «ሂሱን ወስጃለሁ» ብለው አመሰገኑት። ምን ዋጋ አለው፣ የእሱ ተራ ሲደርስ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያላነሣው ማርፈዱ ተነሣ፤ «የአመለካከት ችግር» ተጨመረበት፤ ደረጃውም «ሐ» ሆነ። እርከኑን ሄዶ የለካ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቢሮ ሰው ሁሉ ባለቅኔ ሆነ። ይህንንም ባሕል ነው እንበል?

በዚያው ሳምንት አንድ ሸማኔ ቤት ተቀምጫለሁ። ሰውየው የሚሠራው ባና ነው፤ መንዝ ብርዱን የሚመክትበትን የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ። አንዲት ትልቅ ሴት ፈትል ይዘው መጡ። ክሩን በሁለት ጣቱ እየሳበ መረመረና፣

«እትዬ፣ እዚህ እዚህ ላይ ቀጥኖብዎታል። ድር ባደርገው ይበጠስብኛል» አላቸው።

«እስቲ አሳየኝ።»

አሳያቸው። ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብለው አዩት።

«እውነትህን ነው። ይቺ የልጅቱ እጅ ናት» አሉ። (ልጅቱ አልነበረችም።) «በል ይኸን ለማግ አድርገው፤ ለድሩ ሌላ ፈትዬ ሐሙስ አመጣልሃለሁ።»

እሱም ክሩን ለይቶ አስቀመጠ፤ እሳቸውም ቡና ጠጥተው ሄዱ።