ራውተር ከመግዛትህ በፊት

አኖ፣ ምሥራቅ ወለጋ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ነቀምቴ ቤት ተከራይተህ ታናናሾችህን አጠገብህ አድርገህ ልታስተምር መወሰንህ አኩርቶናል። የትኛውን ራውተር ልግዛ ብለህ ለጠየቅከኝ፣ በስልክ መስመር ሥራ እንዳረጀ አባት የማውቀውን ልንገርህ። ምክሬ አንድ ነው፦ ከመግዛትህ በፊት ለካ።

መጀመሪያ ወደ ቤትህ የሚገባውን መስመር እወቅ። ፋይበር ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም የሚተክልልህ ሣጥን አለ፤ ብዙውን ጊዜ ዋይፋይም አለው። የቆየ የስልክ ሽቦ ከሆነ የኤዲኤስኤል ሞደም ያስፈልግሃል። ገመድ የማይደርስበት ሰፈር ደግሞ ሲም ካርድ የሚወስድ የ4ጂ ራውተር ይፈልጋል። ሻጭ «ለሁሉም ይሆናል» ቢልህ አትቀበል። የ4ጂውን ከመረጥክ ለሌላ ኩባንያ ሲም ተቆልፎ እንዳይሆን የራስህን ሲም ከትተህ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክረው።

በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አያታልልህ። «ኤሲ 1200» ማለት በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ 867 ሜጋቢት ተደምሮና ተጠጋግቶ ነው፤ አንድ ስልክ ድምሩን አያገኝም። የምትከፍለው ለ10 ሜጋቢት ከሆነ ምንም ዓይነት ራውተር ከኢንተርኔት ከ10 በላይ አያመጣልህም። ከምንጩ የሚመጣው ውኃ ቀጭን ከሆነ ቧንቧ ማስፋት ገንዘብ መጣል ነው። ስለዚህ ላፕቶፕህን በገመድ ከሣጥኑ ጋር አገናኝተህ ፍጥነቱን ለካ፤ ቀጥሎ በዋይፋይ እዚያው አጠገቡ፣ በመጨረሻም ልጆቹ በሚያጠኑበት ክፍል ለካ። በገመድ ዘገምተኛ ከሆነ ችግሩ ከመስመሩ ወይም ከጥቅሉ ነው። በገመድ ፈጥኖ ልጆቹ ክፍል ሲደርስ ከደከመ ግን ያን ጊዜ ስለ ራውተር እናውራ።

ቤትህ ብሎኬት ነው፣ በሩም ብረት። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ያደክመዋል፤ 2.4 ይርቃል፣ ግን የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ እዚያው ላይ ይጨናነቃል። ስለዚህ ሁለቱንም የያዘ ግዛ። መሃል ቤት ከፍ አድርገህ ስቀለው እንጂ ቴሌቪዥን ጀርባ አትደብቀው። ልጆቹ የሚያድሩት ሰርቪስ ቤት ከሆነ፣ ውድ ራውተር ከመግዛት የኔትወርክ ገመድ ወደዚያ ዘርግተህ ጫፉ ላይ ሁለተኛ ርካሽ ራውተር ብትተክል ይሻልሃል። ዋይፋይ 6 የሚባለው ብዙ ስልክ በአንድ ጊዜ ለሚጠቀምበት ቤት የተሻለ ነው፤ ጥቅሙ ግን በደንብ የሚታየው ስልኮቻችሁም ዋይፋይ 6 ከሆኑ ነው። አቅምህ ካልፈቀደ ዋይፋይ 5 ይበቃችኋል።

መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም አብሮ እንዳይጠፋ ትንሽ ዩፒኤስ (የባትሪ መጠባበቂያ) ግዛ። ከመግዛትህ በፊት የራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አንብብ፤ የዩፒኤሱ ቮልት እኩል፣ አምፔሩ ከዚያ ያላነሰ ይሁን። የፋይበሩ ሣጥንና ራውተሩ ለየብቻ ከሆኑ ሁለቱም መብራት ይፈልጋሉ። የወለጋን ክረምት ታውቀዋለህ፤ መብረቅ ሲያስፈራራ አዳፕተሩን ከሶኬት ንቀል፣ የስልክ ሽቦ ካለም እሱን ጭምር። ፋይበሩን አትጠፈው፣ ውስጡ መስታወት ነው። ሣጥኑ ላይ «ሎስ» የምትለዋ መብራት ከቀላች ራውተሩ አልተበላሸም፤ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን አልደረሰምና ሌላ ከመግዛት ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውል።

ከሣጥኑ ጋር የመጣውን የይለፍ ቃል በዚያው ቀን ቀይር። ጎረቤት ልጅ ለጥናት ቢጠይቅህ አትከልክለው፤ ግን የእንግዳ መስመር ክፈትለት እንጂ ዋናውን ቁልፍ አትስጥ። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አትርሳ፤ ኔትወርክ ባለ ጊዜ ልጆቹ የሚማሩበትን መጽሐፍና ቪዲዮ አውርደው ያስቀምጡ። ማታ በጥናት ሰዓት ቴሌቪዥኑን ከዋይፋይ አውጣው፤ የቤቱ ታላቅ አንተ ነህና ሥርዓቱን የምታስይዘው አንተ ነህ።

ሦስቱን የፍጥነት ልኬት ጽፈህ ላክልኝ፤ ከዚያ ዋጋውን አብረን እናያለን። እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክልህ፣ ታናናሾችህንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

አባትህ