ግራ እጅ

ከበሮ ሲንከባለል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የቀብር ሰልፍ ሲያልፍ ወይም ሰንደቅ ዓላማ ሊሰቀል ሲል፣ ምቶቹ እስከማይለዩ ድረስ ተከታትለው አንድ ረጅም ድምፅ የሚሆኑበትን ማለቴ ነው፡፡ ሙዚቀኞች “ሮል” ይሉታል፡፡ አባቴ በአንድ የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ስኔር የሚባለውን ትንሹን ከበሮ ለ26 ዓመታት መትቷል፡፡ እኔ ግን ከበሮ መቺ አልሆንኩም፤ በኮምፒውተር ላይ የከበሮ ምት ደርዳሪ ሆንኩ፡፡

ይህን ሙያዬን አባቴ ወድዶት አያውቅም፡፡ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ትልልቆቹን ባንዶች ሲያሳሳቸው፣ ኪቦርድና የምት ማሽን የስንቱን ጓደኛውን ወንበር እንደወሰዱ አይቷልና፡፡

ባለፈው ክረምት ለአንድ አጭር ፊልም የቀብር ትዕይንት ሮል እንድሠራ ተጠየቅሁ፡፡ ቀላል መስሎኝ በሰከንድ 16 ምት፣ እያንዳንዱን በ62.5 ሚሊ ሰከንድ ርቀት ደረደርኩ፡፡ ሚዲ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ከኮምፒውተር ጋር የሚያግባባው ሥርዓት የምትን ኃይል ከ1 እስከ 127 ይለካል፤ ሁሉንም 100 ላይ አደረግኋቸው፡፡ ድምፁን ስከፍተው አባቴ ከሳሎን ጮኸ፡-

“መትረየስ ነው እንዴ የምትተኩሰው?”

አልተሳሳተም፡፡ የሙያው ሰዎችም ይህን ጉድለት በመትረየስ ስም ነው የሚጠሩት፡፡ አንድ የተቀዳ ምት ሳይለወጥ ሲደጋገም ጆሮ ወዲያው ይነቃበታል፤ በተፈጥሮ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚመታ ከበሮ የለምና፡፡

መድኃኒት ፈለግሁ፡፡ ለቀኝና ለግራ እጅ ለየብቻ የተቀዱ ድምፆችን አፈራረቅሁ፡፡ ቀጥሎ፣ ምቶቹን ሰው እንዲመስሉ በዘፈቀደ የሚበትነውን ትእዛዝ ሰጠሁ፡፡ አንዱ ቀደመ፣ ሌላው ዘገየ፣ አንዱ ጠነከረ፣ ሌላው ላላ፡፡ ውጤቱ ሰው ሳይሆን ሰካራም ሆነ፡፡

በመጨረሻ አባቴ ራሱ መጣ፡፡ እጆቹ መንቀጥቀጥ ከጀመሩ ወዲህ፣ ለሦስት ዓመታት ያልነካቸውን መምቻዎች ከሣጥን አውጥቶ፣ ቆዳ የተወጠረበትን በርጩማ በጉልበቶቹ መካከል አቆመ፡፡

“እያንዳንዷን ምት አንተ አትመታትም” አለኝ፡፡ “አንዴ ትጥላለህ፤ የቀረውን ቆዳው ራሱ እያነጠረ ይመልስልሃል፤ እየደከመ፣ እየደከመ፡፡ አንዱ ከመሞቱ በፊት ሌላው እጅ ይደርሳል፡፡ ግራ እጅ ሁልጊዜ ይዘገያል፡፡ ቀኝ ይጠብቀዋል፡፡ ሮል ማለት ይኸው መጠባበቅ ነው፡፡”

ከዚያም መታ፡፡ ምናልባት አሥር ሰከንድ ያህል፡፡ ከዚያ በላይ እጆቹ እሺ አላሉትም፤ መምቻዎቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ወጣ፡፡

ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር፡፡ ሌሊት ብቻዬን የድምፁን ምስል በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ዘርግቼ አየሁት፡፡ ግራ እጁ ከቀኙ ከ7 እስከ 11 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፤ ምቱም ይላላል፡፡ ድምፁ እየጎላ ሲሄድ ልዩነቱ ይጠባል፤ ሲደክመው ደግሞ ይሰፋል፡፡ ያን ጊዜ ገባኝ፡፡ ሰው በዘፈቀደ አይሳሳትም፤ ስህተቱ አቅጣጫ አለው፡፡ እኩል ለመሆን የሚጥሩ ሁለት እኩል ያልሆኑ እጆች ናቸው፤ እኔ ግን ስህተቱን ብቻ አስመስዬ ጥረቱን ትቼው ነበር፡፡

ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፡፡ የግራውን ምቶች አንድ በአንድ ወደኋላ ገፋሁ፤ ቀኙን 84፣ ግራውን 71 አድርጌ ጀመርኩና ወደላይ ሲወጡ አቀራረብኳቸው፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላም እየደከሙ የሚሄዱ ንጥረቶችን አስከተልኩ፡፡

በሦስተኛው ቀን ጠርቼ አሰማሁት፡፡ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፡፡

“አሁን ሰው ነው” አለ፡፡ ጥቂት አሰበና፣ “ግን ግራ እጁን በደንብ ያላሠለጠነ ሰው ነው፡፡ በእኛ ጊዜ ቢሆን ሻምበሉ ያስደግሙት ነበር፡፡ ማነው?” ሲል ጠየቀኝ፡፡

“አንድ የድሮ ሰው ነው” አልኩት፡፡

ፊልሙ ተሠርቶ አለቀ፤ ሮሉም አሥራ አራት ሰከንድ ይሰማል፡፡ አባቴ ከአሥር ያላለፈበትን አራት ሰከንድ የቀጠልኩለት እኔ ነኝ፡፡