ሕንጣሎና ድንጋይዋ

ከጋይንት ተነስቶ በደጀን በኩል አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የሕንጣሎን ድንጋይ ሳያይ አያልፍም። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ጥቁሩ ድንጋይ ያልቅና በነጭና በቢጫ መካከል ያለ፣ ንብር በንብር የተደረደረ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ጂኦሎጂስቶች በሕንጣሎ ስም «አንታሎ» ይሉታል። ከሥሩ ያለው ጂፕሰም በጎሃ ጽዮን፣ ከወንዙ አጠገብ ያለው ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ በአዲግራት ስም ይጠራል። የጎጃምና የሸዋ ድንበር የሆነው ገደል የትግራይ ከተሞቹን የሕንጣሎንና የአዲግራትን ስም ተሸክሟል ማለት ነው።

ሕንጣሎ ከመቀሌ በስተደቡብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን ግን የትግራይ መናገሻ ነበረች፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 እ.ኤ.አ. ራስ ወልደ ሥላሴን ሊያገኝ የሄደው ወደዚያ ነው።

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ከቀይ ባሕር የተነሣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ሕንጣሎ ላይ ሰፍሮ ስንቁን ያከማች ነበር። ከጦሩ ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት ነበር። በ1870 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የኖራ ድንጋዩን በሕንጣሎ፣ የአሸዋ ድንጋዩን በአዲግራት ሰየመ፤ የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ ደግሞ አሸንጌና መቅደላ አለው። ስሙ የወጣው በወራሪ ጦር መንገድ ላይ መሆኑ ይከነክነኛል። የራሱን አገር ስም ሳይለጥፍ የቦታውን ስም ለቦታው ድንጋይ መተዉን ግን አመሰግነዋለሁ።

ድንጋዩ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህን ምድር የሸፈነ ባሕር ያስቀመጠው ነው፤ መቀሌ ዙሪያ ውፍረቱ 700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከአንዱ የካብ ድንጋይ አቧራውን በእጅ ጠረግ ቢያደርጉት የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርጽ፣ አንዳንዴም ዛጎሉ ራሱ ብቅ ይላል። ባሕር በሌለበት ደጋ ላይ የባሕር እንስሳ በአጥር ውስጥ ተገንብቶ ማየት እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

መቀሌን የሠራት ይኸው ድንጋይ ነው። ጠራቢው በንብሩ በኩል ሲመታው ቀጥ ብሎ ስለሚሰነጠቅ ለግድግዳ ይመቻል። ዝናቡም መሬት ውስጥ ባለው ድንጋይ ስንጥቅ ሰርጎ ድንጋዩን እያሟሟ ስለሚወርድ የጉድጓዱ ውኃ ይከብዳል፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፣ ሳሙናውም አረፋ ይነፍጋል። የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካም ይህንኑ የሕንጣሎን ድንጋይ ፈጭቶና አቃጥሎ በከረጢት እየሞላ ለገበያ ያወጣዋል።