ክረምት ነሽ አሉኝ

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኑሮ ውድነትም አላወራም። የማወራው ስለ ልብስ ቀለም ነው። (ወንዶች፣ ለመሄድ አትቸኩሉ፤ ሸሚዝና ሹራብ የምትለብሱ እስከሆነ ድረስ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።)

ሰሞኑን ሴቶች ስንገናኝ “ኮከብሽ ምንድን ነው?” መባባሉ ቀርቶ “ወቅትሽ ምንድን ነው?” ሆኗል። ቲክቶክ ላይ አይታችሁ ይሆናል። አንዲት ልጅ መስታወት ፊት ትቀመጣለች፤ ከአገጯ ሥር ጨርቅ ያፈራርቁላታል፤ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ ውኃ ሰማያዊ... ከዚያ ፍርድ ይሰጣል፤ “አንቺ ፀደይ ነሽ!” ልጅት በደስታ ልታለቅስ ምንም አይቀራት። ሴኡል ከተማ ውስጥማ ይህንኑ ብቻ ሥራዬ ብለው የያዙ ስቱዲዮዎች አሉ፤ ቱሪስቱ ቀጠሮ ይዞ፣ ገንዘብ ከፍሎ ይሄድባቸዋል።

እኔም አልቀረልኝም። ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣች የአክስቴ ልጅ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ አየት አደረገችኝና “አንቺማ ክረምት ነሽ” አለችኝ። እንግዲህ ለአዲስ አበባ ልጅ ክረምት ማለት ጭቃ፣ ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ፣ የታክሲ ሰልፍና ሦስት ቀን ሙሉ ያልደረቀ ጂንስ ነው። ላመስግናት ወይስ ልጣላት?

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነሱ ክረምት የእኛ ክረምት አይደለም። ይህን ያወጡት ሰዎች ክረምት ሲሉ የሚታያቸው በረዶ ነው፤ ነጭ መሬት፣ ቅጠሉ የረገፈ ጥቁር ዛፍ፣ ጥርት ያለ ሰማይ። ስለዚህ በእነሱ ቋንቋ “ክረምት” የሚባል ሰው ቀዝቃዛ፣ ጥልቅና ጥርት ያለ ቀለም የሚያምርበት ነው፤ ጥቁር፣ ጥርት ያለ ነጭ፣ ደማቅ ሰማያዊ። “ፀደይ” ሞቅ፣ ፈካ፣ ደመቅ ያለ ነው። “በጋ” የሚሉት ደግሞ (የእኛን በጋ እርሱት) ቀዝቀዝና ለስለስ ያለ ነው። “መኸር” ሞቅ ያለ፣ ግን ጠለቅና ረጋ ያለ ነው፤ የደረቀ ቅጠል፣ የቅመም፣ የሸክላ ቀለም። የእኛዋ አደይ አበባ አገሩን ቢጫ የምታለብሰው በመስከረም፣ የእነሱ ቅጠል ሊረግፍ ሲል ነው። ስሞቹን በመዝገበ ቃላት ብቻ የተረጎመ ሰው ገበያ ወጥቶ ጉድ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ነገሩ የቲክቶክ ፈጠራ አይደለም። በጀርመኑ የባውሃውስ ትምህርት ቤት ያስተማረው የስዊዙ ሠዓሊ ዮሐንስ ኢተን፣ ተማሪዎቹ በነፃነት ሲቀቡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዓይነት ቀለም እንደሚመርጡ፣ ምርጫቸውም ከመልካቸው ጋር እንደሚዛመድ አስተውሎ ነበር፤ በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቀለም መጽሐፉም ጽፎበታል። ሐሳቡን ወደ ቁምሳጥን ያመጡት ግን አሜሪካውያን ሴቶች ናቸው። በተለይ ካሮል ጃክሰን በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው “ከለር ሚ ቢዩቲፉል” በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጦ፣ የአንድ ዘመን ሴቶች በሙሉ “እኔ በጋ ነኝ፣ አንቺስ?” ሲባባሉ ኖረዋል። በኋላ የመጡት ደግሞ አራቱን ወቅት እየከፋፈሉ አሥራ ሁለት አደረሱት።

ግን እውነት ቀለም ፊትን ይለውጣል? ይለውጣል። ፓሪስ ውስጥ ጎብለን የሚባል የታወቀ የምንጣፍና የግድግዳ ሥዕላዊ ሽመና ሥራ ቤት ነበር፤ ዛሬም አለ። የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ የነበረው ኬሚስቱ ሚሼል ሼቭረል “ጥቁር ክራችሁ ደብዝዟል” የሚል አቤቱታ ይመጣበታል። ቢመረምረው ክሩ ምንም አልሆነም፤ ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. ይህን በትልቅ መጽሐፍ አብራራው፤ ዓይናችን አንድን ቀለም ለብቻው አያይም፣ ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጋር እያወዳደረ ነው የሚያየው። በዚህ ላይ ልብሳችን ብርሃን ያንጸባርቃል፤ ከአንገት በታች የለበስነው ቀለም አገጫችንና ጉንጫችን ላይ ይረጫል። አንዱ ሸሚዝ “ዛሬ አሞሻል እንዴ?”፣ ሌላው “ምን ተገኘ ዛሬ?” የሚያሰኘው ለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው ደስ ይላል። ችግሩ የሚመጣው እኛ ጋ ሲደርስ ነው። የዚያ ዘመን መጻሕፍት ጥቁር ፀጉርና ጥቁር ዓይን ያለውን ሰው ሁሉ ባብዛኛው ጠቅልለው “ክረምት” ውስጥ አስገቡት። ለፈረንጆቹ የፀጉሩ፣ የዓይኑ፣ የጠቃጠቆው ዓይነት ተዘርዝሮላቸው አራቱም ቤት ደረሳቸው፤ አፍሪካዊውና እስያዊው ደግሞ አብዛኛው አንድ ክፍል ውስጥ ታጨቀ። እስቲ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ዞር ዞር በሉ። አሥራ ሁለቱም ተሳፋሪ ባንድ ቀለም ያምርበታል?

አማርኛ ራሱ “የለም” ይላል። ቀይ አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ ጠይም አለ፣ ጥቁር አለ፤ “ጠየም ያለ”፣ “ጠቆር ያለ” እያልን ደግሞ በመሃሉ ስንት እርከን እናበጃለን። ፈረንጅ “ጥቁር” ብሎ በአንድ ቃል ያለፈውን እኛ ዘርዝረን እናየዋለን። ዓይናችን ሠልጥኗል ማለት ነው።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ይህ የሠለጠነ ዓይን ክፉ ልማድም አለበት። ቃላቶቻችን መለያ ብቻ አይደሉም፣ መሰላልም ናቸው። ቀይ ከላይ፣ ጥቁር ከታች። “ጠቆር ብትልም ቆንጆ ናት” ሲባል ያልሰማ ማን አለ? ያቺ “ብትልም” የምትባል ቃል ስንት ልጅ አንገት አስደፍታለች!

እህቴ ቀይ ናት፤ እኔ ጥቁር ነኝ። ያደግነው ባንድ ቤት፣ ባንድ እናት እጅ ነው፤ ለበዓል ልብስ ሲገዛ ግን ቢጫው፣ ቀዩና ሮዙ የእሷ ነበር። ለእኔ ቡኒ፣ ደብዛዛ ሰማያዊ፣ ግራጫ። እማዬ ክፋት አልነበራትም፤ ሱቁም፣ ሰፊውም፣ ጎረቤቱም ያንኑ ነበር የሚላት፤ “ደማቅ ለጥቁር ሰው አይሄድም፣ ያጠቁራታል።” ትልቅ ሆኜ ራሴ ስገዛም አልተለወጠም። አንዱ ባለሱቅ እርድ የመሰለች ቢጫ ሹራብ አንስቼ ሳይ ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰዳትና “የኔ እህት፣ እሷ ለቀይ ሰው ናት፤ ላንቺ የሚሆን ላምጣልሽ” አለኝ። ያመጣልኝ ቡኒ ነበር።

ይህ የልብስ ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን ደረጃ መስጠት ነው። “ደብቂው፣ አታጉይው” ማለት ነው። ልጅት ይህን እየሰማች አድጋ አንድ ቀን የሚያነጣ ክሬም ብትገዛ ምን ይገርማል? ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ ኩላሊት እንደሚጎዳ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ከሹራብ ቀለም ተነስተን ኩላሊት ደረስን። መንገዱ ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ከወቅት ጨዋታ አንድ ቁም ነገር አግኝቻለሁ፤ የቆዳ ጥቁረትና ቅላት አንድ ነገር ነው፣ ከሥሩ ያለው ቃና ሌላ ነገር። ሁለቱ አይጠባበቁም። ቀይ ሆኖ ቃናው ቀዝቃዛ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ሰው አለ። ጥቁር ሆኖ ከሥሩ ወርቅ የሚታይበት አለ፤ ጥቁር ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያደላም አለ። የአክስቴ ልጅ ያመጣቻቸውን ሻሾች እኔና እህቴ በየተራ ስንሞክር ምን ሆነ መሰላችሁ? እርድ የመሰለው ቢጫ እህቴን ከወባ የተነሳች አስመሰላት። እኔ ላይ ሲሆን እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ “ይሄን ከየት አመጣሽው? እንዴት አበራሽ!” አለች። ሃያ ምናምን ዓመት ለእህቴ ሲገዛ የኖረው ቀለም የእኔ ነበር። “ክረምት ነሽ” ያለችኝም ፍርዷን አነሳች፤ ለካ መኸር ኖሬአለሁ!

ታዲያ እናንተስ? ሴኡል መሄድ አያስፈልግም፤ ዕቃው ቤታችሁ አለ። ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ ሜካፕ ሳትቀቡ፣ በቀን መስኮት አጠገብ ቁሙ፤ ፀሐዩ በቀጥታ አይምታችሁ። ግድግዳችሁ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ በር ላይ ውጡ፣ ግድግዳም ቀለም ይረጫል። ፀጉራችሁን ቀለም ቀብታችሁት ከሆነ በነጭ ሸፍኑት። ከዚያ ሁለት ነጭ አምጡ፤ አንዱ አዲስ፣ ድምቅ ያለ የሱቅ ነጭ ሸሚዝ፣ ሌላው በእጅ የተፈተለ ጋቢ። የጋቢ ነጭ ወደ ክሬም ያደላል፣ ሞቅ ያለ ነው። የትኛው ሥር ፊታችሁ ጥርት ይላል? የትኛውስ ሥር የዓይናችሁ ሥር ይጠቁራል? ቀጥሎ ሁለት ቀይ፤ በርበሬ የመሰለና ቀይ ሥር የመሰለ። የመጀመሪያው ሞቃት፣ ሁለተኛው ቀዝቃዛ ነው። ቢጫም እንዲሁ፤ እርድና ሎሚ። ወርቅና ብር ጌጥም ፊታችሁ አጠገብ አስጠጉ። መልሱ አንድ አቅጣጫ ከጠቆመ ቃናችሁን አገኛችሁ ማለት ነው፤ ሁለቱም እኩል ካማራችሁ መሃል ላይ ናችሁ፣ ደስ ይበላችሁ። ከዚያ ጥልቁን ከፈካው፣ ደማቁን ከረጋው አወዳድሩ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ስልካችሁን አትመኑ፤ ካሜራው ቀለሙን በራሱ ፈቃድ ያስተካክላል፤ ፊልተሩማ አይወራ። “የእጅሽን ደም ሥር እዪ፣ አረንጓዴ ነው ሰማያዊ?” የሚባለውም ጠቆር ላለ ቆዳ ብዙም አይሠራም። ሁለተኛ፣ የሚያያችሁን ሰው “ያምራል?” ብላችሁ አትጠይቁት፤ ይሉኝታ አለበት። “መጀመሪያ ያየኸው ፊቴን ነው ጨርቁን?” በሉት። ፊታችሁን ካየ ቀለሙ የእናንተ ነው። ጨርቁን ካየ ልብሱ እናንተን ለብሷችኋል።

ውጤቱን ካወቃችሁ በኋላ ቁምሳጥን አታራግፉ፤ በዚህ ኑሮ! የማይሄድባችሁን ቀለም ከወገብ በታች አውርዱት፤ ጉርድና ሱሪ ፊት ላይ ብርሃን አይረጭም። ወይም አንገታችሁ ላይ የሚስማማ ሻርፕ ጣል አድርጉበት። አዲስ ቀለም መሞከር ካማራችሁ ከሰልባጅ ጀምሩ። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ የሐበሻ ቀሚስ ስታሠሩ ደግሞ የአንገቱንና የደረቱን ጥለት በፊታችሁ ምረጡ፤ ከፊታችሁ ጋር የሚውለው እሱ ነው። ሚዜ ሆናችሁ ሙሽራዋ ስድስታችሁንም ባንድ ሐምራዊ ካለበሰቻችሁ ግን... ቻሉት፣ የአንድ ቀን ነው። ለቅሶ ቤትም ስትሄዱ ጥቁሩን ልበሱ፤ ሐዘን ወቅት አይጠይቅም።

ወቅት ሃይማኖት አይደለም። የወደዳችሁትን ቀለም ማንም “ቤትሽ አይደለም” ብሎ ሊነጥቃችሁ አይገባም፤ አለበለዚያ የድሮውን መሰላል አውርደን አዲስ መስቀላችን ነው። የእኔ ነገር አጭር ናት፦ ለፊታችሁ ምን እንደሚስማማ ይፍረድ ከተባለ የሚፈርደው ብርሃን ነው እንጂ የቅላት ደረጃ አይደለም። እናም በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ባለሱቅ “እሷ ለቀይ ሰው ናት” ቢላችሁ አትከራከሩት። ሹራቧን ይዛችሁ በሩ ድረስ ውጡ፣ ብርሃኑ ላይ ከአገጫችሁ ሥር አድርጓት፣ እሱንም ጥሩትና ያያችሁ።

ደህና ሰንብቱ!